በየቀኑ ሳልፈው የኖርኩት ፌርማታ

(ለንደን ውስጥ በማኅበረሰባችን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። የቃል ለዛው እንዳይጠፋ ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ። ማይክ ይዤ ስናገር ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ውስጥ «እባካችሁ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» የምልበት ነው፤ እሱን ደግሞ የሚሰማኝ የለም።

አዘጋጆቹ «ሥራ እየሠራሽ በኦንላይን ዲግሪ እንዴት እንደያዝሽ ንገሪን፤ ትንሽ የሚያበረታታ ነገር ጣል አድርጊበት» አሉኝ። ማበረታታት አልችልበትም። የሆነውን ልንገራችሁ፤ የሚበረታታ ካለ ይበረታታ።

ለማታውቁኝ፦ ደላንታ ተወልጄ ደሴ ነው ያደግሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም። ለንደን ከመጣሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ጽዳት ሠርቻለሁ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ሠርቻለሁ፣ አሁን አውቶቡስ ነጂ ነኝ። በፈረንጆች 2017 በርቀት በሚያስተምረው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ መማር ጀመርኩ፣ በ2023 ጨረስኩ። ስድስት ዓመት። ስጀምር አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ ስጨርስ ስንት እንደሆነ እናንተው ደምሩት።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ፦ ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ታሪክ ራሱ። ከመስመር የማልወጣው ስነዳ ብቻ ነውና ወጣ ወጣ ካልኩ ታገሡኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንዲት ጥያቄ እናንሳ። «ኦንላይን? ታዲያ እውነተኛ ዲግሪ ነው?» ይህን ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰላችሁ! ሀገር ቤት «በርቀት ነው የተማረችው» ሲባል ድምፁ እንዴት ዝቅ እንደሚል ታውቃላችሁ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የንጉሣዊ ቻርተሩን ያገኘው በ1969 ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች፣ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ማስተማር የጀመረው በ1971 ነው። ያኔ ኢንተርኔት የለም። መጽሐፉ በፖስታ ይመጣል፣ ትምህርቱ በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሰው በሚተኛበት ሰዓት ይተላለፋል። ከመጀመሪያውም የታሰበው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው፣ ቀን ሥራ ላለው ሰው። ለመግባት የቀድሞ ውጤት አይጠየቅም። ከሃያ ዓመት በላይ ያፈርኩባትን ማትሪኬን የሚጠይቀኝ አጣሁ! በሩ ሰፊ ነው፤ ሰው የሚንጠባጠበው መንገድ ላይ ነው።

አቶ መለስ ዜናዊም በ1995 የኤምቢኤ ዲግሪያቸውን የያዙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሀገር እየመሩ። (ሳቅና ጉርምርምታ።) አያችሁ፣ የምታጨበጭቡም የምታጉረመርሙም አላችሁ። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔ የምለው፣ እሳቸው ጊዜ ካገኙ እኔ በሁለት ፈረቃ መሀል ጊዜ አጣሁ ማለት ያሳፍረኛል ነው።

እሺ፣ አንደኛ፦ ጊዜ።

ዲግሪው 360 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት አሥር ሰዓት ጥናት ተብሎ ይታሰባል። 3,600 ሰዓት ማለት ነው። በዓመት 60 ክሬዲት ከወሰዳችሁ ስድስት ዓመት፣ በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት። ይህን የነገረችኝ የስልክ አማካሪ ነች። «በሳምንት?» አልኳት። «በሳምንት» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። እኔ ያኔ ለልጆቼ እንኳ በሳምንት አሥራ ስድስት ሰዓት አልነበረኝም።

ታዲያ ከየት መጣ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ አውቶቡስ ነጂዎች አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ፣ አትደበቁ። «ስፕሬድኦቨር» የሚባለውን ፈረቃ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ትነዳላችሁ፣ መሀል ላይ አራት ሰዓት ተኩል ትለቀቃላችሁ፣ ማታ ደግሞ ትመለሳላችሁ። ሁሉም የሚጠላው ፈረቃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በልቶ የሚከፍለው የግማሹን ነው። እኔ ለምኜ ያዝኩት። የፈረቃ አውጪው «ደህና ነሽ?» አለኝ። ለስድስት ዓመት የጋራዡ ካንቲን ቤተ መጻሕፍቴ ሆነ። ማይክሮዌቩ አጠገብ፣ ግድግዳው ጥግ። ዶሚኖ የሚጫወቱት የጃማይካ ሰዎች መጀመሪያ ያሾፉብኝ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ሰው ሲጮህ «ፕሮፌሰሯ እያጠናች ነው» እያሉ ዝም የሚያሰኙልኝ እነሱ ሆኑ።

ስልክ መንጃው ወንበር ላይ ክልክል ነው፣ ሥራ ያሳጣል። ስለዚህ ምንባቡን በወረቀት አትሜ አራት አጥፌ ቢጫዋ ሰደርያዬ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። መስመሩ ጫፍ ላይ ስደርስ፣ ሰው ወርዶ ሲያልቅ፣ ሞተር አጥፍቼ ተሳፋሪ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስድስት ደቂቃ። አንዳንዴ ስምንት። ስድስት ደቂቃ ምን ትረባለች አትበሉ። አንድ አንቀጽ ታነባላችሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን አንድ ሰዓት እየነዳችሁ ታላምጡታላችሁ። ከካንቲኑ አራት ሰዓት ይልቅ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው የስድስት ደቂቃዋ ነች።

እና የቀረሁባችሁን ይቅርታ ልጠይቅ። ለቅሶ አልቀረሁም። ለቅሶ አልቀረሁም! ሰርግ ግን ቀርቻለሁ፣ ክርስትና ቀርቻለሁ፣ ማኅበር ቀርቻለሁ። «ጠፋሽ» ያላላችሁኝ የላችሁም። የአንዷን ልጅ ሰርግ ቪዲዮውን ተውሼ አይቻለሁ፤ ሦስት ሰዓት ነው፣ ድርሰት ይጻፍበታል። ባለቤቴ ያው እዚያ ተቀምጧል። ወጥ መሥራት የተማረው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ፓስታ በላን። ልጄ ደግሞ ማታ ማታ በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ ሆምወርክሽን ጨረስሽ?» ትለኝ ነበር። እኔ ስላት የኖርኩትን፣ በራሴው ድምፅ።

የመጀመሪያው ድርሰቴ ከመቶ 47 አመጣ። ማለፊያው 40 ነው። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። አስተማሪዋ ከሥር የጻፈችው አሁንም አለኝ፦ «ታሪኩን በደንብ ነግረሽናል፤ አንቺ የምትዪውስ የታለ?» እኛ ደሴ ስንማር የታሪክ ፈተና ማለት ማን፣ መቼ፣ የት ነው። አንቺ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ አስተማሪ አልነበረም። ለሚጀምር ሰው አንድ ማጽናኛ ልንገር፦ የአንደኛ ዓመቱ ነጥብ ማለፍ አለበት እንጂ የዲግሪው ማዕረግ ውስጥ አይደመርም። የመጨረሻው ደረጃ ግን እጥፍ ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ወድቃችሁ ተነሱ፤ መጨረሻ ላይ እንዳይሆን።

2020ን፣ የኮሮናውን ዓመት፣ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ሌላው ቤቱ ሲገባ እኛ እየነዳን ነበር። ከኤፕሪል 20 ጀምሮ ተሳፋሪ በመሀለኛው በር ብቻ ይግባ ተባለ፤ እስከዚያ ድረስ ግን የሞቱ ባልደረቦች አሉን። የዚያን ወር ድርሰት በጊዜው አላስገባሁም። አስቀድሞ ለጠየቀ ሰው ቀን ይራዘማል። ጠየቅሁ፣ ተራዘመልኝ። ስለዚያ ወር ከዚህ በላይ አላወራም።

ሁለተኛ፦ ገንዘብ። ይሄን ቶሎ እንለፈው፤ ክፍያው በየዓመቱ ስለሚለወጥ የእኔ ቁጥር ያሳስታችኋል። እንግሊዝ ውስጥ ለትርፍ ጊዜ ተማሪም የትምህርት ክፍያ ብድር አለ፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ዓይነት ይፈቅድ እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ብድሩ የሚከፈለው ገቢያችሁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለው ላይ 9 በመቶ ከደመወዝ ይቆረጣል። ወለዱ ለሚያሳስባችሁ ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በየኮርሱ ከኪስ መክፈልም ይቻላል፤ እንዲያ አድርጋ የምትማር ጓደኛ አለችኝ፣ ቀስ እያለች ነው፣ ግን እየሄደች ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ደግሞ «አክሰስ» የሚባለውን የመለማመጃ ኮርስ በነጻ የሚወስድበት መንገድ አለ። እንግሊዝኛዬ ይበቃል አይበቃም ለምትሉ እሱ ይበቃችኋል።

ሦስተኛ፦ ታሪክ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ሰው ሁሉ «ለምን ታሪክ? አካውንቲንግ አይሻልም?» ይለኛል። ይሻላል። ምን ላድርግ፣ አያቴ ናት ያጠፋችው። አያቴ ደላንታ ሆና መቅደላን እንደ ጎረቤት ቤት ነበር የምታወራው። እንግሊዝ መጣ፣ መይሳው ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን ጠጣ፣ ሀገር አለቀሰ። ምስር እየለቀመች ነው የምትነግረኝ፤ ሽጉጡ ጋ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን አትነግረኝም። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

አሁን ለንደን እንምጣ። የእኔ መስመር በደቡብ ኬንሲንግተን በኩል ያልፋል። አውቶቡሱ ውስጥ የተቀዳች ሴት አለች፣ የፌርማታ ስም የምትጠራው። «ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም» ትላለች። በቀን ስምንት ጊዜ፣ በሳምንት አርባ ጊዜ። ዓመታት ሰምቻታለሁ። በር እከፍታለሁ፣ ቱሪስት ይወርዳል፣ በር እዘጋለሁ። በ2018፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ እዚያ ሙዚየም የመቅደላ 150ኛ ዓመት ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። ዕረፍት ቀኔ ላይ ሄድኩ። የወርቅ ዘውድ። የወርቅ ጽዋ። መስታወት ውስጥ። እኔ እንግዲህ ያንን ዘውድ በየቀኑ ስምንት ጊዜ ነው ሳልፈው የኖርኩት። በር እየከፈትኩ!

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ሄዶ ነበር፤ ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። ዘውዱንና ጽዋውን ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ገዛ። አራት ፓውንድ! ከአምባው የወረደውን ዕቃ፣ የብራና መጻሕፍቱንም ጭምር፣ ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። ከዚያ ዕቃው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ቀን ጨረታ ወጣ፤ 5,000 ፓውንድ ገባ፣ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ይህን የማነበው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የትኛው ሜዳ? ብዬ ወደ ታች ሄድኩ። የደላንታ ሜዳ።

ደላንታ! አያቴ ምስር የምትለቅምበት! ሽጉጡ ጋ ያቆመችው ታሪክ ተከታዩ ራሷ በተወለደችበት ሜዳ ላይ ነው የተፈጸመው፤ እኔ የሰማሁት ደግሞ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ባዕድ ሀገር። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። «ደላንታ ላይ ነው የሸጡት!» አልኩት። «ምን?» አለ። «መጽሐፉን፣ ዕቃውን፣ ሁሉንም!» «ጠዋት አይደርስም?» ብሎ ዞሮ ተኛ።

በንዴት ድርሰት ጻፍኩ። አሁን የመጀመሪያ ዓመት አይደለሁም፤ «የምትዪው የታለ?» የሚባል ነገር የለም፣ የምለው ሞልቷል። ሌቦች አልኩ፣ ዘራፊዎች አልኩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን እንኳ በ1871 ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ዘውዱና ጽዋው መምጣታቸው ያሳዝናል ብሏል ብዬ ጠቀስኩ፤ የፓርላማው ቃለ ጉባኤ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ እናንተም ማንበብ ትችላላችሁ። ደህና ነጥብ ጠበቅሁ። አስተማሪው ዳር ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጻፈ፦ «መጻሕፍቱ ከዚያ በፊት መቅደላ እንዴት ደረሱ?»

እንዴት ደረሱ? ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው የሰበሰቧቸው። በፈረንጆች 1866 ጎንደርን አስዘርፈው፣ አቃጥለው። ብዙዎቹ መጻሕፍት የጎንደር ካህናት አልቅሰው የሸኟቸው ናቸው።

ፊታችሁ ተቀየረ። የእኔም ተቀይሮ ነበር። ይህን ስል የእንግሊዝን ወንጀል አቀለልኩ ማለት ነው? አይደለም። ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች ዛሬም ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፤ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል፤ ይሄ አይቀልልም። ግን ጎንደሬ አያት ያለው ሰው እዚህ አለ አይደል? ያንተ አያት ታሪኩን ከየት ትጀምረው ነበር? የእኔ አያት የምታቆምበት አላት፣ ያንተ አያት የምትጀምርበት አላት። ስድስት ዓመት ከፍዬ የተማርኩት ይቺኑ መጠየቅ ነው፦ የሚነግረኝ ማን ነው? ለማን ነው የሚነግረው? የት ጋ አቆመ?

አሁን ደግሞ እኔው ላይ ሳቁ። ያው ድርሰት ውስጥ ቴዎድሮስ የሞቱት በ1860 ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ደሴ የተማርኳት ናት፣ በእንቅልፍ ልቤም አልስታትም። ሁለት ገጽ ዝቅ ብዬ ደግሞ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን መልስ ያጣ ደብዳቤ የጻፉት በ1862 ነው ብያለሁ፤ እሱን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው ያገኘሁት። አስተማሪው «በዚህ አቆጣጠር ንጉሡ ደብዳቤውን የጻፉት ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እውነት ከሆነ ትልቅ ግኝት ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ አጠገቡ ኤፕሪል 13፣ 1868፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ። የእኛን ታሪክ በእንግሊዝኛ የምትማሩ ሁሉ ሁለት ዓምድ አስምሩ። ከዚህ ንግግር ሌላውን ብትረሱ ይቺን አትርሱ።

እዚሁ ለንደን፣ ኪው የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ይጠብቃችኋል። የአንባቢ ካርዱ በነጻ ነው፤ መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቦርሳ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ስለ ሀበሻ የተጻጻፈው «ኤፍ ኦ 1» በሚባለው ተከታታይ መዝገብ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ መስመር ማንበብ አልቻልኩም፤ የጸሐፊው እጅ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ጥበቃው መጥቶ «መጽሐፉን ትራሱ ላይ አድርጊው» አለኝ። መጽሐፍ ትራስ አለው! እኛ ካንቲን ወንበር የለንም። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለውን የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ እዩ፤ የሀገራችን ብራናዎች ገጽ በገጽ ተነሥተው ተቀምጠዋል፣ ክፍያ የለም።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ ቡናውም ሸተተኝ። አንዲት ነገር ብቻ።

ስመረቅ፣ ባርቢካን አዳራሽ፣ ጋውኑን ለብሼ፣ ከመውጣቴ በፊት ደሴ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ደላንታው ጨረታ ነገርኳት። «ስንት ሸጡት?» አለችኝ። «አምስት ሺህ ፓውንድ።» ዝም አለች። «ተታለዋ!» አለች። «ታዲያ አንቺ ይህን ለማወቅ ነው ስድስት ዓመት የተማርሽው? ባትነግርሽ ነው እንጂ አያትሽም ታውቀው ነበር። ከዚያ ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ቁልፍ ተገኘ ትል ነበር፤ የልብስ ቁልፍ፣ የነሐስ።»

እኔ በቃ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። «መቼ ነው የተገኘው? ማን አገኘው? ራሷ አይታዋለች ወይስ ሰምታ ነው? አሁን የት ነው ያለው?»

«ቆይ» አለችኝ እናቴ፣ «ይሄ እንኳን ደስ ያለሽ የሚባልበት ስልክ ነው ወይስ ምርመራ?»